ድምፃችን ለምን ይቀየራል?

(ስለ ጸሎት በአንድ የምሽት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ።

ንግግሬን በአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ልጀምር። የእህቴ ልጅ ናት። አንድ ምሽት ቤተሰቡ እንደተሰበሰበ «በል አንተ ጸልይልን» ተባልኩ። ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። ጸለይኩ። ለራሴ ማድላት አይሁንብኝና ቃላቱ ያምሩ ነበር። «አሜን» ተባለና ሁሉም ቁጭ አለ። ልጅቷ እጄን ሳብ አድርጋ «አጎቴ፣ ስትጸልይ ለምን ድምፅህ ይቀየራል?» አለችኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ስሆን ግን ሳቁ ጠፋ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ድምፄ ወፍሯል። አነጋገሬ ዝግ ብሏል። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ከአፌ የማይወጡ ቃላት ተደርድረዋል። ይባስ ብሎ፣ ስጸልይ አንድ ጆሮዬ ሰዎቹ ዘንድ ነበር። አክስቴ «አሜን፣ አሜን» ስትል ሞቅ አለኝና የሚቀጥለውን አስረዘምኩት።

ታዲያ ከማን ጋር ነበር የማወራው?

ስለ ጸሎት እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ስለ ጸሎት ብዙ ነገር ማንሳት ይቻላል። ስንት ሰዓት ላይ፣ ቆሞ ወይስ ተንበርክኮ፣ ከመጽሐፍ ወይስ ከልብ። አንዳንዱን እንነካካዋለን። እኔ አጥብቄ የምይዘው ግን አንድ ነገር ነው። ጸሎታችንን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የቃላት እጥረት አይመስለኝም። መደበቅ ነው። እየጸለይን እንደበቃለን። እንዲያውም ጸሎቱ ራሱ መደበቂያ ይሆነናል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እግዚአብሔር ሰውን የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ዘፍጥረት 3፥9 ላይ ነው። «ወዴት ነህ?» አዳም ዛፎች መሐል ገብቷል። ለጥያቄው የሰጠው መልስም «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» የሚል ነው።

እስቲ ጥያቄውን አስቡት። እግዚአብሔር አዳም የገባበት ጠፍቶት ነው የሚጠይቀው? አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት «የት ገባ ይሄ ልጅ?» ይላል። የልጁ እግር ከመጋረጃው ስር እየታየው ነው። ፍለጋው የይስሙላ ነው፤ የሚጠብቀው ልጁ ራሱ ብቅ እንዲል ነው። የገነቱ ጥያቄ ጨዋታ አልነበረም፤ የሚጠበቀው ነገር ግን ያው ነው። ውጣ። እዚህ ነኝ በል።

ብዙ ሰው የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች። «እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ለምን እነግረዋለሁ?» ጥሩ ጥያቄ ናት። ጌታ ራሱ እኮ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ብሏል። የሚገርመው፣ ያንን ብሎ «ስለዚህ ዝም በሉ» አላለም። ወዲያው ቀጥሎ «እናንተስ እንዲህ ጸልዩ» ብሎ አባታችን ሆይን አስተማረ። ያውቃል፤ ደግሞም ንገሩት ይላል።

ይሄን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ በርጤሜዎስ ነው። ታሪኩ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ አለ። ዓይነ ስውር ነው፤ ከኢያሪኮ መውጫ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምናል። ኢየሱስ ማለፉን ሲሰማ ጮኸ። ሰዎች «ዝም በል» አሉት። ብሶበት ጮኸ። ሲጠራ ልብሱን ጥሎ ተነሳ። ያ ልብስ ምናልባት ያለው ንብረት ሁሉ ነው። ኢየሱስም ዓይነ ስውሩን ሰው ከፊቱ አቁሞ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ምን ይባላል ይሄ? ዓይነ ስውር ምን እንደሚፈልግ ማን አይገባውም? ግን በርጤሜዎስ ዕድሜውን ሙሉ ሲለምን የኖረው ሳንቲም ነው። ሳንቲም መለመን ቀላል ነው፤ ባይሰጡህም ብዙ አትጎዳም። «ዓይኔ እንዲበራ» ማለት ሌላ ነው። እሱን ካልክ በኋላ መመለሻ የለም። የምር የምትፈልገውን ነገር አውጥተህ ፊቱ አስቀምጠሃል። ጥያቄው መረጃ ለመሰብሰብ አልነበረም። ሰውየውን ከመደበቂያው ለማውጣት ነው።

እኛስ? ብዙዎቻችን ዓመቱን ሙሉ የምንለምነው ሳንቲም ነው። «ቀናችንን ባርክልን፣ ጤና ስጠን፣ ሰላም አድርገን።» ክፉ ልመና አይደለም። ግን አንዳንዴ እነዚህን የምንደረድረው ትልቁን ነገር ላለመናገር ነው። ትዳሩ እየፈረሰ ያለ ሰው «ለዓለም ሁሉ ሰላም» ሲል አድሮ ስለ ትዳሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይተኛል። እኔ ራሴ በአንድ ሰው ላይ በጣም ተቀይሜ ለወራት ስጸልይ የዚያን ሰው ስም አልፌው እሄድ ነበር። ስሙ ሲመጣብኝ ፍጥነት እጨምራለሁ። እግሬ ከመጋረጃው ስር እየታየ!

መደበቂያ ስፍራ ብዙ ነው። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ የተደበቀው ከቀራጩ ጀርባ ነው። «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» አለ። ምስጋና ይመስላል። ልብ ብላችሁ ስታነቡት ግን ስለ ራሱ አንድም እውነት አልተናገረም። ጾሙን ቆጠረ፣ አሥራቱን ቆጠረ፣ የሰው ኃጢአት ቆጠረ። «ወዴት ነህ?» ቢባል «እዚያ ሰውዬ ያለበት አይደለሁም» ነው መልሱ። ቀራጩ ግን ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ ደረቱን እየደቃ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ። አድራሻውን በትክክል ተናገረ።

በዚህ በኩል እኔ አብዝቼ የምወዳት ሐናን ነው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ልጅ የላትም። ጣውንቷ ትነካካታለች። ባሏ ይወዳታል፤ ግን «እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልሽም?» ዓይነት ማጽናኛ ነው የሚሰጣት። መቼስ ባሎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንዲህ ያለውን ማጽናኛ እናውቅበታለን። ሐና ወደ መቅደስ ሄዳ ጸለየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አያትና ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። የመቅደስ አገልጋይ ሆኖ እውነተኛ ጸሎት ሲያይ ስካር መሰለው! እሷም «ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» ብላ መለሰችለት።

ማፍሰስ። ቃሉን ልብ በሉ። የሚፈስ ነገር አይደረደርም። ቅርጽ አይዘውም። ሐና ሐዘኗን አላሳመረችውም፤ ከነዝቃጩ ደፋችው።

ከዚያ የሚመጣውን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። ዔሊ «በሰላም ሂጂ» አላት፤ ሐናም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላዘነም ይላል። መቼ? ልጁ ከመወለዱ በፊት። ከመፀነሱም በፊት። ቤቷ ውስጥ ገና ምንም አልተለወጠም። ጣውንቷም እዚያው አለች። የተለወጠ ነገር ቢኖር ያ ሸክም አሁን የሐና ብቻ አለመሆኑ ነው።

«እንዲህ ሁሉ መናገር ድፍረት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። መዝሙረ ዳዊትን በጥሞና ያነበበ ሰው ይሄን አይጠይቅም። መዝሙር 88ን፣ በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 87ኛውን፣ ሂዱና አንብቡት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዋይታ ነው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ መጨረሻቸው ላይ ቀና ይላሉ፤ «ነገር ግን በአንተ እታመናለሁ» ይላሉ። ይሄ አይልም። በዕብራይስጡ የመዝሙሩ የመጨረሻ ቃል «ጨለማ» ነው። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ይህ መዝሙር ከቅዱሳት መጻሕፍት አልወጣም። ማንም መጨረሻውን አላስተካከለውም። ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ሺህ ዓመት ስትጸልየው ኖራለች። ቀና የሚያደርግ መጨረሻ ያጣ ሰውም የሚጸልየው ነገር አለው ማለት ነው።

ጌታችንስ በጌቴሴማኒ? «አባ አባት ሆይ፥ ሁሉ ይቻልሃል፤ ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ።» ይሄ ነው የተመኘው። አልደበቀውም። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዘለን ወደ ሁለተኛው እንሮጣለን። መንፈሳዊ ለመምሰል። የምንፈልገውን ሳንናገር «ፈቃድህ ይሁን» ስንል ግን መታዘዝ ሳይሆን ማኩረፍ ሊሆን ይችላል። የተቆጣ ሰው «እንደፈለግክ» ሲል እንደሚሰማው ዓይነት።

አሁን ወደ አንድ ክርክር ልግባ። እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው የተጻፈ ጸሎት ይቅር፣ ሁሉም በራሱ ቃል ይጸልይ» ሊል ነው። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ይሄ ሙግት ስንት ምእመናንን እንዳኳረፈ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሌላውን «ማነብነብ ነው» ይለዋል፤ ያኛው ደግሞ «ያገኙትን መቀባጠር ነው» ይለዋል። ሁለቱም ወገን መደበቅ ይችላል። በተጻፈ ጸሎት ጀርባ ልቤን ቤት ትቼ መምጣት እችላለሁ። በራሴ ቃልም እንደዚያ ምሽት አክስቴን ማስደሰት እችላለሁ።

ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሆኖ የጸለየውን ተመልከቱ። «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ይህ የመዝሙር 22 የመጀመሪያ መስመር ነው። «አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» ያለውም ከመዝሙር 31 ነው። በዚያ ሥቃይ ውስጥ የመጣለት ሲጸልየው የኖረው ቃል ነው። ዮናስም በዓሣው ሆድ የጸለየው ጸሎት ከመዝሙራት በተወሰዱ ሐረጎች የተሞላ ነው። ሰው ሲጨንቀው አዲስ ቃል መፍጠር አይችልም። አስቀድሞ ያጠራቀመውን ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ጸሎት በቃላቸው አስጠኗቸው። አሁን ላይገባቸው ይችላል። አንድ ቀን ያስፈልጋቸዋል።

ስለ መድገምም ቢሆን እንደዚያው ነው። «በከንቱ አትድገሙ» ያለው ጌታ፣ በጌቴሴማኒ ራሱ ያንኑ ቃል ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ እንደ ጸለየ ማቴዎስ 26፥44 ይነግረናል። ችግሩ ያለው «በከንቱ» የምትለው ላይ ነው። አሕዛብ በንግግራቸው ብዛት የሚሰሙ ይመስላቸው ነበር። እግዚአብሔርን በቃል ብዛት ማድከም የሚቻል ይመስል።

በተውሶ ቃል ከተጸለዩት ሁሉ የሚቀድመው አባታችን ሆይ ነው። ከክርስትና የመጀመሪያ ዘመን የተረፈ «ዲዳኬ» የሚባል አጭር የመመሪያ ጽሑፍ፣ ምእመናን ይህን ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዛል። ጸሎቱ በጣም አጭር ነው፤ ሳትቸኩሉ ብትጸልዩት እንኳ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቀን ቀስ ብላችሁ «እኔ» የሚል ቃል ፈልጉበት። የለም። «አባታችን»፣ «ስጠን»፣ «በደላችንን»፣ «አታግባን»። በ258 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰማዕትነት ያረፈው የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ይህን አስተውሎ ጽፏል፤ ማንም «አባቴ ሆይ» ወይም «እንጀራዬን ስጠኝ» እንዲል አልታዘዘም ይላል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ከእኔ መስማት የሚፈልገው ይሄን ነው። «ስጸልይ ሐሳቤ ይበተናል፤ ምን ላድርግ?»

በ1535 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑን የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተርን ይህን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ፒተር ይባላል። ሉተርም አልናቀውም፤ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት። እዚያ ውስጥ ለሰውየው ሙያ የሚስማማ ምሳሌ አለ። ጎበዝ ጢም ላጪ ዓይኑም ልቡም ከምላጩ ላይ አይነሳም። ወሬ ካበዛ ወይም ዞር ዞር ካለ የደንበኛውን አፍ ወይም አፍንጫ፣ አልፎም ጉሮሮውን ሊቆርጥ ይችላል። ጸሎትም እንዲህ ሙሉ ልብ ይፈልጋል ይለዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት ይመች ነበር። አላበቃም። በዚያው ዓመት ፒተር አማቹን፣ የልጁን ባል፣ በጩቤ ወግቶ ገደለ። ሉተር አማለደለት፤ በሞት ሳይቀጣ በስደት ታለፈ። ይህን የምነግራችሁ ላስደነግጣችሁ አይደለም። እንዴት እንደሚጸለይ የሚያስረዳ ጥሩ መጽሐፍ፣ ያውም በስሙ የተጻፈለት ሰው ነው። ስለ ጸሎት ማወቅና መጸለይ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሳስብ ፒተር ትዝ ይለኛል።

ወደ ሐሳብ መበተኑ ልመለስ። እኔ አንድ ጊዜ ሲመረኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተንበረከክኩ። አሥር ደቂቃ ልጸልይ፣ በመሐል የሚመጣብኝን ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው። ወረቀቱን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ መልስ ያልሰጠሁት መልእክት። የጥርስ ቀጠሮ። ያ ሰውዬ ስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር። የእናቴ ሳል። ያ ሰውዬ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው? ያ ሰውዬ።

ሳየው ገረመኝ። ይሄ ዝርዝር ከጸሎቴ ይልቅ እውነተኛ ነበር። ልቤ ያለው እዚያ ነው። «ወዴት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ «የሰይጣን ፈተና» እያልኩ ሳባርር ነበር የኖርኩት። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ አልታገለውም። የእናቴ ሳል ከመጣ ስለ እናቴ እጸልያለሁ። «ያ ሰውዬ» ከመጣ፣ እንግዲህ ስሙን እጠራለሁ። ስለ ቻርጁ አልጸልይም። እሱን ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። ስልኩን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ ይሄ ሥነ መለኮት አያስፈልገውም።

ስለ ቦታ ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ብሏል። እልፍኝ ስንል ሰፊና የተዋበ ክፍል ይታየናል። በግሪኩ ያለው ቃል ግን «ታሜዮን» ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ማለት ነው። ሉቃስ 12 ላይ ቁራዎች ዕቃ ቤት የላቸውም ሲል ይህንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው። ማሰሮና ከረጢት መሐል ማለት ነው። ተመልካች የሌለበት ቦታ። ተመልካች በሌለበት ድምፅ የሚቀየርበት ምክንያት የለም።

ስለ አቋቋም ብዙ አልልም። ሰሎሞን ተንበረከከ፣ ቀራጩ ቆመ፣ ኢየሱስ በግንባሩ ወደቀ። የ325ቱ (እ.ኤ.አ.) የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በሃምሳው ቀናት ቆመን እንጂ ተንበርክከን እንዳንጸልይ ደንግጓል፤ የትንሣኤ ደስታ ስለሆነ። ሰውነትም ይጸልያል። የደከመውና የታመመው ደግሞ ተኝቶ ይጸልይ።

ስለ ርዝመት ግን ትንሽ ልቆይ። በ410 (እ.ኤ.አ.) ሮም ስትዘረፍ ወደ ሰሜን አፍሪካ የሸሸች ፕሮባ የምትባል ባለጠጋ መበለት ነበረች። እንዴት ልጸልይ ብላ የሂፖውን ጳጳስ አውግስጢኖስን ጠየቀችው። በመልሱ ውስጥ በግብፅ ስለሚኖሩ ወንድሞች ይነግራታል። ጸሎታቸው ብዙ ጊዜ ነው፣ ግን በጣም አጫጭር ነው፤ እንደ ጦር ወርወር የሚደረግ። ለምን? አስረዝመውት ልባቸው እንዳይደነዝዝ። ብዙ ማውራትና ልብን ለረጅም ጊዜ ማዘንበል ለየቅል ናቸው ይላታል። ጸሎት ከንግግር ይልቅ በመቃተት፣ ከቃል ይልቅ በእንባ ይፈጸማል ይላታል።

የተወረወረ ጸሎት ማየት ከፈለጋችሁ ነህምያ አለላችሁ። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነው። ፊቱ ጠቁሮ ንጉሡ አየው። በነገሥታት ፊት አዝኖ መታየት ያስፈራል፤ እሱም እጅግ ፈርቷል። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። ነህምያም «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ፥ ንጉሡንም እንዲህ አልሁት» ይላል። መቼ ጸለየ? ንጉሡ እያየው፣ ምናልባት ጽዋው በእጁ እያለ፣ በጥያቄና በመልስ መሐል። አንዲት ትንፋሽ። ግን ምዕራፍ 1ን ካነበባችሁ ከዚያች ትንፋሽ በፊት አራት ወር ገደማ የጾምና የልቅሶ ጸሎት አለ። አጭሩ ከረጅሙ ነው የመጣው። «እኔ መንገድ ላይ እጸልያለሁ፣ ለብቻዬ መቀመጥ አያስፈልገኝም» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ይሄን ንገሩልኝ። እኔም ብዬው አውቃለሁ። መንገድ ላይ የጸለይኩትን ብትቆጥሩት ግን ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

ለምነን ስላላገኘነው ነገር ምን ልበል? እዚህ ላይ ብዙ የሚያውቅ ሰው ያስፈራኛል። «እምነትህ ስላነሰ ነው» ብሎ የታመመን ሰው የሚያቆስል አለ። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልተነሣም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። የጌቴሴማኒዋም ጽዋ አልተወሰደችም። የጳውሎስ እምነት አንሶ ነው? የኢየሱስስ? ለልጁ ጤና ለምኖ ልጁን የቀበረ አባት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ማብራሪያ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ያ አባት ከቀብሩ በኋላ ለሳምንታት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጸልየው፤ «ለምን?»። እኔ ይሄን ጸሎት አይደለም ብዬ አልነግረውም። ጀርባውን አላዞረም። ጳውሎስም ቢሆን በሮሜ 8 ላይ እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም ብሎ አምኗል፤ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል።

አሁን ወደ «አባታችን» ልመለስ። ዘፍጥረት 3 ላይ «ወዴት ነህ?» የሚል ጥያቄ አለ ብለናል። አንድ ምዕራፍ ገለጥ ስታደርጉ ሌላ «ወዴት» ይመጣል። «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ቃየንም «የወንድሜ ጠባቂው እኔ ነኝን?» አለ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እኔ አለያያቸውም። በሁለተኛው ላይ የሚደበቅ ሰው በመጀመሪያውም ላይ መደበቁ አይቀርም። መጽሐፍም በዚህ ላይ ጠንካራ ነው። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የተቀየመብህ መሆኑ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድና ታረቅ ይላል። ጴጥሮስ ለባሎች፣ ሚስቶቻችሁን አክብሩ፣ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ይላል። ሰው ቤት ውስጥ ሚስቱን አስለቅሶ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆም ምን ዋጋ አለው? «በደላችንን ይቅር በለን፥ እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን በየቀኑ እንላለን። እኔ ያ ሰውዬ ትዝ ሲለኝ እዚህ ቦታ ላይ ድምፄ ዝቅ ይላል።

«በጸሎት አስበኝ» የምንባባለውም ነገር አለ። ሰው ችግሩን ይነግረኛል፤ «በጸሎት አስበኝ» ይለኛል፤ «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» እላለሁ። ደጃፉን ሳልሻገር ረስቼዋለሁ። ለሰው ጭንቀት የሰጠሁት የመሰናበቻ ቃል ነው። ይሄን ለማስተካከል አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። «እሺ» ከማለቴ በፊት እዚያው፣ ቆመን፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጸልያለሁ። መጀመሪያ በጣም ያሳፍራል። መንገድ ላይ ከሆነ ሰው ያያል። በስልክ ከሆነ ዝምታው ይከብዳል። ግን ያ ሰው ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በሌላ ቀን «እንዴት ሆነ ነገሩ?» ብዬ እደውላለሁ። አንዳንዴም ጸሎቱ መልሶ እኔኑ ይይዘኛል። ሥራ ላጣ ሰው ጸልዬ ቤቴ ስገባ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ አንድ ወዳጅ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። ለእግዚአብሔር አሳልፌ ልሰጠው የነበረው ጉዳይ ስልኬ ውስጥ ነበር።

ያ ሰውዬ ያልኳችሁ፣ ወረቀቴ ላይ ሦስት ጊዜ የተጻፈው፣ ስሙን እየጠራሁ መጸለይ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸሎቴ ክስ ነበር። «እንዲህ አደረገኝ፣ እንዲህ አለኝ።» ቀስ በቀስ ክሱ አለቀብኝ። አንድ ቀን ሰውየው የታመመ ልጅ እንዳለው አስታወስኩ። አውቀው ነበር እኮ። አስቤው አላውቅም እንጂ። እስካሁን ታርቀናል ማለት አልችልም። ሰላምታ ግን ጀምረናል።

ሰዓቴ አልቋል፤ መድረክ መሪው እያየኝ ነው። በፕሮግራሙ ላይ «የመዝጊያ ጸሎት» በእኔ ስም ተጽፏል። ይቅር በሉኝና እሱን አልመራም። ድምፄ ይቀየራል። እዚህ ያለነው ሁላችንም ያለንበትን እናውቃለን። ስልኮቻችሁን አጥፏቸው። ሁለት ደቂቃ ዝም እንበል።